የደረቅ አገር ቁጥቋጦ፦ አገር በቀሉን መልሶ ስለ ማልማት፣ በእስራኤልና በኢትዮጵያ

ባለፈው ዓመት ከሱኮት በዓል በኋላ አንዲት እናታችንን ለጉዳይ ወደ ኪርያት ማታሎን ይዣቸው ሄጄ ነበር። ኪርያት ማታሎን በፔታሕ ቲክቫ ውስጥ ፋብሪካና ቢሮ የበዛበት፣ ወገኖቻችንም ለሥራ የሚመላለሱበት፣ በቀትር አስፋልቱ የሚፋጅ አካባቢ ነው። ጉዳያችንን ጨርሰን አውቶቡስ ስንጠብቅ እናታችን ከአንድ የመኪና ማቆሚያ አጥር ላይ ቅጠል ቀጠፉና በጣታቸው አሹት። ቅጠሉ ጣት ላይ ይጣበቃል። «ይኼማ ክትክታ ነው! አታውቂውም እንዴ ልጄ?» አሉኝ። እኔ በ1991 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) በስምንት ዓመቴ ስለመጣሁ አላወቅሁትም ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳጣራ ግን እውነታቸውን ነው። በዕብራይስጥ ዶዶንያ የሚባለው፣ ብዙ ውሃ ስለማይፈልግ እዚህ ለአጥር የሚተከለው ተክል፣ በጎንደር ተራሮች ወገብ ላይ ከሚበቅለው ክትክታ ጋር አንድ ዘር ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቁጥቋጦ ብዙ ሳነብና ስጠይቅ ቆይቻለሁ። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ተምረው ይመጣሉ፤ ወላጆች ደግሞ «ይኼ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ይላሉ። የእኛ ጉዳይ መሆኑን፣ እንዲያውም ሽማግሌዎቻችን ከብዙ ሰው አስቀድመው የሚያውቁት ነገር መሆኑን ለማሳየት ይህንን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ነገሩ ምንድን ነው?

አገር በቀል ቁጥቋጦን መልሶ ማልማት ማለት፣ በግጦሽ፣ በእርሻ፣ በማገዶ ወይም በግንባታ ምክንያት የተራቆተ ደረቅ መሬት ላይ፣ ቀድሞ የነበሩት አጫጭር እንጨቶችና ቅጠላ ቅጠሎች ተመልሰው እንዲበቅሉ ማድረግ ነው። አንዳንድ ጊዜ ችግኝ ይተከላል፤ አንዳንድ ጊዜ ዘር ይበተናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ዋናው ሥራ መሬቱን ማሳረፍ ነው። ዓላማውም መሬቱ ድርቅን፣ ድንገተኛ ጎርፍንና የበረታ ሙቀትን እንዲቋቋም ነው። የእስራኤል የሜትዮሮሎጂ አገልግሎት ባወጣው ጥናት መሠረት ከ1950 እስከ 2017 ድረስ የአገሪቱ አማካይ ሙቀት በ1.4 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ስለዚህ ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም።

ብዙ ሰው «መሬት ከተራቆተ ዛፍ ትከልበት» ይላል። ዝናብ በሚበቃበት አገር ይህ ጥሩ ምክር ነው። በደረቅ አገር ግን ከዛፍ በፊት ቁጥቋጦ ይቀድማል። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ሰሜን ነጌቭ መሄድ ይጠቅማል። ቤር ሼቫ በዓመት የሚዘንበው ወደ 200 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከኦፋኪም ከተማ ብዙ በማይርቀው የሳዬሬት ሻኬድ አካባቢ የቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት መሬቱን አጥንተዋል። ያገኙት እንዲህ ነው፦ በቁጥቋጦዎቹ መካከል ያለው ባዶ የሚመስል አፈር ባዶ አይደለም፤ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት የሠሩት ስስ ቅርፊት ይሸፍነዋል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በዚህ ቅርፊት ላይ ይፈስሳል እንጂ ብዙ አይሰርግም። ሲፈስስ ደግሞ ከቁጥቋጦው ሥር ያለው ጉብታ ይይዘዋል፤ ነፋስ ያመጣውም አቧራና የወደቀው ቅጠል እዚያው ይከማቻል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ሥር፣ ሰማይ ከሰጠው በላይ ውሃ የሚያገኝ ትንሽ የለማ ቦታ ይፈጠራል፤ በክረምት ሣርና አበባው የሚበዛው እዚያ ነው። በሱዳን መንገድ ያለፉ ወላጆቻችን ቀን ከሐሩርና ከሰው ዓይን ተሸሽገው ሌሊት ሲጓዙ፣ አንዲት ቁጥቋጦ ምን ያህል እንደምትጠቅም አይተዋል።

ቁጥቋጦው ሲነቀል ወይም ቅርፊቱ በትራክተርና በከብት ኮቴ ሲሰባበር ይህ አሠራር ይፈርሳል። ውሃው የሚይዘው ስለማያገኝ አፈሩን ይዞ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ቁጥቋጦም ቢሆን ሁሉን ቻይ አለመሆኑን ልጨምር፤ ተከታታይ ድርቅ በነበረባቸው ዓመታት በዚያው በነጌቭ ብዙ ቁጥቋጦዎች ደርቀዋል።

ከመሬት በታች ያለው ደን

እስካሁን የተናገርኩት ቁጥቋጦ ምን እንደሚሠራ ነው። የጠፋው እንዴት ይመለሳል ለሚለው ግን የተሻለ ትምህርት ያለው በአፍሪካ ነው።

በኒጀር አገር ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ለዓመታት ችግኝ ሲተክል አብዛኛው ይሞትበት ነበር። በ1983 አካባቢ በየሜዳው ያሉትን ቁጥቋጦዎች ቀረብ ብሎ ሲያይ፣ ቁጥቋጦ አለመሆናቸውን ተረዳ። የተቆረጡ ዛፎች ጉቶዎች ነበሩ፤ ሥራቸው ሕያው ነው፤ በየዓመቱ ያቆጠቁጣሉ፤ ገበሬውም እንደ አረም ይቆርጣቸዋል፣ ከብትም ይበላቸዋል። ገበሬዎቹ ከየጉቶው ጥቂት ጠንካራ ቀንበጦችን መርጠው እንዲተዉ፣ ሌላውን እንዲገርዙ ተደረገ። ሥራው ችግኝ ጣቢያ አያስፈልገውም፤ ስለት፣ ትዕግሥትና የጎረቤት ስምምነት ይበቃዋል። በኒጀር በዚህ መንገድ ያገገመው መሬት ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሆን ይገመታል። ሪናውዶ በ2018 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝቷል።

በኢትዮጵያም በወላይታ፣ በሁምቦ ወረዳ፣ ከ2006 ጀምሮ በ2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ላይ ይኸው ዘዴ ተሠርቶበታል። ተራራው በአብዛኛው የለበሰው ከተተከለ ችግኝ ሳይሆን ከቆየው ጉቶና ሥር ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ ደግሞ፣ በትግራይና በአማራ ክልል፣ በዋግ ኽምራም ጭምር፣ የተለመደው ዘዴ ተራራውን «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» ማድረግ ነው። ሰው እንጨት እንዳይቆርጥበት፣ ከብት እንዳይሰማራበት መንደሩ ይስማማል፤ ጠባቂ ይቆማል፤ ከብቱ እንዳይራብ ሣሩ እየታጨደ ወደ ቤት ይወሰዳል። በተከለለው ተራራ ላይ ቀድመው ከሚመጡት አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ በኪርያት ማታሎን አጥር ላይ ያየነው ክትክታ ነው። ከእርሱም ጋር ደደሆ፣ አጋም፣ እንቧጮ ይመጣሉ። ሰው የሚንቃቸው እነዚህ ቁጥቋጦዎች ሞግዚት ናቸው። በትግራይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው የወይራ ችግኝ ባዶ ሜዳ ላይ ከሚተከል ይልቅ ከቁጥቋጦ ጥላ ሥር ሲሆን የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል። ቁጥቋጦው ከፀሐይ ይከልለዋል፤ እሾሁም ከፍየል ይጠብቀዋል። ቁጥቋጦውን መንጥሮ ወይራ የሚተክል ሰው ሞግዚቷን አባርሮ ሕፃኑን ሜዳ ላይ እንደሚተው ይቆጠራል።

በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር በዚህ ሥራ ታውቆ በ2012 የኢኳቶር ሽልማትን አገኘ። መንደሩ ከድርቅ የተነሣ ወደ ሌላ ቦታ ሊሰፍር ታስቦ የነበረ ሲሆን፣ ተራራው ከተከለለና እርከንና የውሃ መያዣ ከተሠራ በኋላ የጉድጓድ ውሃው ከፍ ብሏል። በ2017 ደግሞ የትግራይ ክልል መሬትን መልሶ በማልማት ሥራው የፊውቸር ፖሊሲ አዋርድን የወርቅ ሽልማት ወሰደ። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ጊዜ ግን መብራትና ነዳጅ የተቋረጠበት ሕዝብ ለማገዶና ለከሰል ከለማው ላይ ብዙ ቆርጧል። የሃያና የሠላሳ ዓመት ልፋት በሁለት ዓመት ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። የተራበና የበረደው ሰው በዚያ ሊወቀስ አይገባም።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

እኔ ሙያዬ ማኅበራዊ ሥራ ስለሆነ ስለ አፈር ሳነብ እንኳ ዓይኔ ሰው ላይ ነው። ተራራ ሲከለል ብዙ ከብት ያለውና የራሱ ግጦሽ ያለው ሰው ይታገሣል። ሁለት ፍየል ያላት መበለት ግን ነገ ምን ልታበላቸው ነው? ጥሩ የተሠራባቸው ቦታዎች ይህንን ጥያቄ አስቀድመው የጠየቁ ናቸው፤ የሣሩን ድርሻ፣ የንቡን ቀፎ ለድሃውና መሬት ለሌለው ሰጥተዋል። ያልጠየቁት ቦታዎች በሌሊት ተቆርጠዋል።

ይህ ጥያቄ ለቤተ እስራኤል እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ አብዛኞቹ ቅድመ አያቶቻችን ርስት አልነበራቸውም፤ በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ያርሱ ነበር፤ ይህም እስከ 1975 የመሬት አዋጅ ድረስ ቆይቷል። የራሱ ያልሆነ መሬት ላይ ማን ዛፍ ያሳድጋል? ደግሞም ሐቁን መደበቅ አይገባም፤ አባቶቻችን አንጥረኞች፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ብረት የሚቀልጠው በከሰል፣ ሸክላ የሚተኮሰው በማገዶ ነው። ያ ሁሉ ከዚያው ተራራ የመጣ ነው። ብዙዎቹ ሽማግሌዎቻችን የትኛው እንጨት ጥሩ ፍም እንደሚወጣው፣ የትኛው ተቆርጦ እንደሚያቆጠቁጥ፣ የትኛው እንደማይመለስ እስከ ዛሬ ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት የመጣው ከድካምና ከእጦት ቢሆንም ዕውቀት ነው።

በእስራኤልም የመሬት ጥያቄ አለ። በጥር 2022 ኬረን ካየሜት በነጌቭ በዱዊን ቤተሰቦች «የእኛ ነው» በሚሉት መሬት ላይ መትከል ሲጀምር ትልቅ ተቃውሞና ግጭት ተነሥቶ ነበር። ማንም ይፍረድ ማን፣ ችግኝ ሲተከል መሬቱ የማን እንደሆነም እየተነገረ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ዛፍ ወይስ ቁጥቋጦ? የነጌቭ ክርክር

በቱ ቢሽቫት ልጆቻችን ሁሉ ችግኝ ይተክላሉ፤ ደስ ይላል፤ ፎቶግራፍም እናነሣለን። ስለዚህ ቀጥሎ የምለው አንዳንዶችን ሊያስገርም ይችላል።

ከቤር ሼቫ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የያቲር ደን መተከል የጀመረው በ1964 ሲሆን፣ ወደ 30,000 ዱናም የሚሆን፣ በአብዛኛው የጥድ ዓይነት ደን ነው። የሚዘንብለት በዓመት ወደ 280 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የዋይዝማን ኢንስቲትዩት ሳይንቲስቶች ከ2000 ጀምሮ በደኑ መካከል መለኪያ አቁመው አጥንተዋል። ደኑ ካርቦን ይመጥጣል፤ እርሱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ደኑ ጥቁር አረንጓዴ፣ ዙሪያውን ያለው የቁጥቋጦ መሬት ደግሞ ነጣ ያለ ነው። ነጣ ያለው መሬት የፀሐይን ጨረር ወደ ሰማይ ሲመልስ፣ ጥቁሩ ደን ይይዘዋል። በ2010 በታተመው ጥናታቸው፣ ደኑ በካርቦን የሚያስገኘው ጥቅም ይህንን የተያዘ ሙቀት እስኪያካክስ ብዙ አሥርት ዓመታት እንደሚፈጅ አሳይተዋል። በ2022 ደግሞ በዓለም ደረቅ አገሮች ሁሉ ላይ ዛፍ ቢተከል እንኳ የዓለምን ሙቀት በመቀነስ ረገድ ጥቅሙ ውሱን እንደሚሆን አስልተዋል።

የእንስሳቱም ነገር አለ። በሰሜን ነጌቭ ብቻ የምትገኝ፣ ለመጥፋት የተቃረበች አንዲት ትንሽ እንሽላሊት አለች። የምትኖረው ዛፍ በሌለበት የቁጥቋጦ ሜዳ ነው። ዛፍ ሲተከልበት ወፎች ቅርንጫፉ ላይ ቁጭ ብለው እየተመለከቱ ይለቅሟት ጀመር፤ እርሷ ግን አደጋውን አታውቅምና ወደዚያው ትመጣለች። ይህም በ2010 በወጣ ጥናት ተረጋግጧል። የእስራኤል የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በዚህና በመሰል ምክንያቶች በነጌቭ የቁጥቋጦ ሜዳዎች ላይ የሚደረገውን ተከላ ሲቃወም ቆይቷል። ኬረን ካየሜት በበኩሉ ተከላው አፈርን እንደሚይዝ፣ ለሰውም ጥላና መዝናኛ እንደሚሰጥ ይናገራል።

እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ ነገር ግን ጥላው የሚያስፈልገው ሰው የሚውልበት ቦታ ነው። መንግሥት በጥር 2022 በከተሞች ውስጥ እስከ 2040 ድረስ 450,000 ዛፎች እንዲተከሉ ወስኗል። በኪርያት ማታሎን አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሰው ክትክታ ጥላ አይሆነውም፤ እዚያ ዛፍ ይተከል። ማንም በማይቆምበት የነጌቭ ሜዳ ግን ቁጥቋጦው በቦታው ይቆይ።

ከውጭ የመጡ ተክሎች

ስለ ዛፍ ካነሣን አይቀር ባሕር ዛፍን ማለፍ አይቻልም። ፔታሕ ቲክቫ በ1878 ስትመሠረት የያርቆን ረግረግና ወባ ሰፋሪዎቹን አስጨንቆ ነበር፤ ረግረጉን ለማድረቅ ባሕር ዛፍ ተከሉ። በዚያው ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ ዐፄ ምኒልክ ማገዶ ላጠራት አዲስ አበባ ይህንኑ የአውስትራሊያ ዛፍ አስመጡ። ሁለቱም ከተሞች ተጠቅመውበታል። ረግረግ ለማድረቅ የጠቀመው የባሕር ዛፍ ውሃ መጠጣት ግን በደረቅ ተራራ ላይ ጉዳት ነው፤ ከሥሩም ሌላው ቡቃያ በቀላሉ አይበቅልም።

ሌላው የአውስትራሊያ ግራር ነው፤ በዕብራይስጥ ሺታ ይሉታል። በእስራኤል የባሕር ዳር አሸዋን እንዲይዝ ተብሎ የተተከለ ሲሆን፣ ዛሬ አሸዋውን ወርሮ አገር በቀሉን ስላባረረ በብዙ ገንዘብ እየተነቀለ ነው። በኢትዮጵያ በአፋር የገባው ፕሮሶፒስ ከዚህም የባሰ ሆኗል፤ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ የግጦሽ መሬት እንደያዘ ይገመታል። ሁሉም ሲመጡ «ለበረሃ መድኃኒት» ተብለው ነበር።

ስለ እሳትም አጭር ቃል ልናገር። በታኅሣሥ 2010 በካርሜል ተራራ በተነሣው እሳት 44 ሰዎች ሞተዋል። ከእሳቱ በኋላ ጥዱ በአዲስ ዘር መጀመር ሲኖርበት፣ የአገሩ ኤላና አልዖን ግን ከሥራቸው አቆጥቁጠው በጥቂት ወራት ውስጥ ለመለሙ። ቁጥቋጦም ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከቤት ግድግዳ አጠገብ ጥቅጥቅ ብሎ እንዲያድግ መተው አይገባም።

እዚህ የምናገኛቸው ዘመዶች

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሜዳ ስትወጡ እነዚህን ጠይቋቸው። ቁርቁራ በዕብራይስጥ ሼዛፍ ይባላል፤ ያው አንድ ዘር ነው። ጤና አዳም በእስራኤል ተራሮች ላይ በዱር ይበቅላል። የአሪቲ ዘመድ ላዓና ትባላለች፤ በነጌቭ በሰፊው የምትበቅል ቁጥቋጦ ናት፤ ብታሿት ሽታዋ ይነግራችኋል። የጌሾ ዘመድ ኤሽሐር ይባላል፤ ጠላ ግን አይጠመቅበትም። በያርቆን ዳር እሾሃማው እንጆሪ ሞልቷል። ሮተም ደግሞ ነጭ አበባ ያለው የአሸዋና የበረሃ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ደክሞት ከሥሩ የተቀመጠው እርሱ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ክትክታ» ብሎ ተርጉሞታል። ዘሩ አንድ አይደለም፤ ሥራው ግን አንድ ስለሆነ ተርጓሚዎቹን አልወቅሳቸውም። እናታችን ይህንን ስነግራቸው «ታዲያ ኤልያስ እኛ አገር መጥቶ ነበራ!» ብለው አሳቁኝ።

ለመትከል የሚያስብ ቤተሰብ ልብ ሊላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በፔታሕ ቲክቫ አካባቢ ላለው ቀይና አሸዋማ አፈር ሮተም፣ ኤላት ሀማስቲክ፣ ሎተምና ማርቫ ይስማማሉ፤ በብዙ ችግኝ መሸጫዎች ይገኛሉ። በጋራ ግቢ ከሆነ አስቀድሞ የቫዓድ ባይትን ፈቃድ መጠየቅ፣ በሕዝብ ቦታ ከሆነ ዒሪያን ማነጋገር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አትክልተኛው መጥቶ ይነቅለዋል፤ አይቻለሁ።

ከሜዳ ቅጠል መልቀምን በተመለከተ ጥንቃቄ ይደረግ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አሮጊት ለሻይ ዛዕታር ሲለቅሙ በተቆጣጣሪ ተይዘው፣ ቋንቋውን ስላልተረዱ ሌባ የተባሉ መስሏቸው ለሳምንት ከቤት አልወጡም። ዛዕታር ከ1977 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ተክል ነው። ከ2019 ወዲህ ዛዕታርን፣ ዓኩብንና ማርቫን ለቤት ፍጆታ ብቻ ጥቂት መልቀም እየተፈቀደ መጥቷል፤ ከተፈጥሮ ክልል ውስጥ መልቀም፣ ከሥሩ መንቀልና ለሽያጭ መልቀም ግን ክልክል ነው። የሚፈቀደው መጠንና ቦታ ሊለወጥ ስለሚችል ሽማግሌዎች ከመውጣታቸው በፊት ልጆች ቢያጣሩላቸው መልካም ነው። ከኢትዮጵያ ስትመለሱም የጌሾ ችግኝ ወይም ማንኛውንም ዘር ያለ ግብርና ሚኒስቴር ፈቃድ በሻንጣ ማስገባት አይቻልም፤ በሽታና ተባይ አብሮ ይመጣልና።

የመትከያው ጊዜ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ካራሰ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በታሙዝ የተከለ ሰው ውሃውንም ችግኙንም ያጣል። ጉድጓዱ ከችግኙ ሥር ሰፋ ያለ ይሁን፤ ዙሪያውን ውሃ የሚይዝ ትንሽ ጉብታ አድርጉለት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በየሁለት ሳምንቱ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይሄዳልና። ከሦስተኛው በጋ በኋላ አብዛኞቹ ያለ ሰው ውሃ ይኖራሉ። የሽሚታን ሕግ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ደግሞ የሚቀጥለው የሽሚታ ዓመት በመስከረም 2028 እንደሚጀምር አስበው፣ ከዚያ በፊት መቼ መትከል እንደሚገባ ቄሳቸውን ወይም ራባቸውን ይጠይቁ።